ትላንት የሰራሁት ዛሬ የለም፦ ስለ ሊኑክስ ላይቭ ፍላሽና ፐርሲስተንስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ካሉት ሱቆች በአንዷ ጠባብ ሱቅ ነው ምሰራው፣ ኮምፒውተር ጥገና፣ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት ምናምን። ቂሊንጦ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ስለሆነ የጊቢ ተማሪ በብዛት ይመጣል፣ ግማሹ የራሱ ላፕቶፕ የለውም፣ ሌላው ደሞ ያለው የወንድሙ ወይ የመስሪያ ቤት ስለሆነ ዊንዶውሱን መንካት አይችልም፣ ስለዚህ ሊኑክሱን (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን ሚያሰራውን ሲስተም) ፍላሽ ላይ ይዞ ነው ሚዞረው። እና ጥያቄው ሁሌ ያው ነው። አንድ አይነት ነገር ቀን ሙሉ ከማወራ ልጻፈው ብዬ ነው። ኮማንዶቹን በስልክ ለጓደኛ እንደሚነገረው በአጠራራቸው አስቀምጫቸዋለሁ፣ ኪቦርድ ላይ ስትጽፉ ግን በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት ነው፣ ትልቅ ፊደል ከቀላቀላችሁ እምቢ ይላል።

ፐርሲስተንስ ምንድነው? ሊኑክሱ ያለው ፍላሹ ላይ ነው፣ ፍላሽ ላይ ደሞ ፋይል ይቀመጣል፣ ታዲያ ለምን በራሱ ሴቭ አያደርግም?

ተማሪ እያለን ትምህርት ቤት ሚያድለንን መጽሐፍ በላስቲክ እንለብደው አልነበር? መጽሐፉ የኛ አይደለም፣ ዓመቱ ሲያልቅ ይመለሳል፣ ስለዚህ እላዩ ላይ መጻፍ የለም። ላይቭ ሊኑክስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን በቀጥታ ከፍላሹ ሚነሳው፣ ያ መጽሐፍ ነው። ሲስተሙ በሙሉ ስኳሽኤፍኤስ በሚባል አሰራር ታምቆ አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ነው ያለው፣ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። እናንተ ምትቀይሩት ነገር ሁሉ፣ ዎልፔፐሩም፣ ዋይፋይ ፓስወርዱም፣ ኢንስቶል ያደረጋችሁትም፣ ሚጻፈው ከላይ በተደረበው ግልጽ ላስቲክ ላይ ነው፣ እሱን ኦቨርሌይ ይሉታል። ችግሩ ምንድነው፣ በኖርማሉ ያ ላስቲክ ያለው ራም ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ፐርሲስተንስ ማለት ላስቲኩን ራም ላይ ከማድረግ ፍላሹ ላይ ማድረግ ነው፣ በቃ ሌላ ምንም አይደለም። ይቺን ካልያዛችሁ ከዚህ በታች ያለው ግማሹ አይገባችሁም፣ ምክንያቱም ሁሉም ችግር ማለት ይቻላል ከዚህ ነው ሚመነጨው።

ሁሉንም ነገር አስተካክዬ፣ ፋይሌን ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጬ ሪስታርት ሳደርግ እንደ አዲስ ሆኖ መጣ። ፍላሹ ተበላሽቶ ነው?

ላይሆን ይችላል። እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ ላይ ፐርሲስተንሱ ተበላሽቶ አይደለም፣ መጀመሪያውኑ አልነበረም። ስለዚህ ፍላሹን ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ቡት አድርጉትና (አስነሱትና) ተርሚናል፣ ማለትም ኮማንድ ሚጻፍበትን መስኮት፣ ከፍታችሁ ካት፣ ክፍተት፣ ስላሽ ፕሮክ ስላሽ ሲኤምዲላይን ብላችሁ ጻፉ። አንድ ረጅም መስመር ያወጣል። እሱ ውስጥ በኡቡንቱና በሚንት ከሆነ ፐርሲስተንት፣ በዴቢያንና በካሊ ከሆነ ደሞ ፐርሲስተንስ ሚል ቃል መኖር አለበት (አራቱም የሊኑክስ አይነቶች ናቸው)። መጨረሻቸው ይለያያል፣ አንደኛው በት አንደኛው በስ ነው ሚያልቀው፣ እና ከኢንተርኔት ላይ የዴቢያኑን አይቶ ኡቡንቱ ላይ የጻፈ ሰው ስንት ቀን ሲታገል እንደሚውል እኔ ነኝ ማውቀው (አንዱ ሰው እኔው ራሴ ነበርኩ)።

ቃሉ ካለ ቀጥሎ ዲኤፍ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ ኤች በሉት። ኡቡንቱ ላይ ስላሽ ካው ሚል መስመር ታያላችሁ፣ መጠኑን እዩት። የኮምፒውተሩን ራም ግማሽ አካባቢ ከሆነ፣ ለምሳሌ 4 ጊጋ ራም ባለው ማሽን 2 ጊጋ ገደማ ካሳየ፣ ላስቲኩ አሁንም ራም ላይ ነው። ፍላሹ ላይ ለፐርሲስተንስ የመደባችሁትን መጠን ካሳየ ግን እየሰራ ነው፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

አሁን ለምን አልነበረም ሚለው። አንደኛው፣ ኤቸር በሚባለው ወይም በዲዲ ኮማንድ ከሆነ የሰራችሁት፣ እነሱ ኢሜጁን (ያወረዳችሁትን የሊኑክስ ፋይል፣ አይኤስኦ ሚባለውን) እንዳለ ልክ እንደ ሲዲ ነው ፍላሹ ላይ ሚገለብጡት፣ ለፐርሲስተንስ ሚሆን ቦታ አያዘጋጁም፣ ከ32 ጊጋው ፍላሽ 26ቱ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይቀራል። ኤቸር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ኢንስቶል ለማድረግ ከሆነ እንደሱ ቀላል የለም፣ ለዚህ ስራ ግን አይሆንም። ሁለተኛው፣ ሩፉስ ሚባለውን የዊንዶውስ ፍላሽ መስሪያ ተጠቅማችሁ ያቺን ወደ ቀኝ ምትጎተት የፐርሲስተንት ፓርቲሽን (ከፍላሹ ለብቻው ተከፍሎ ሚቆም ቦታ) መጠን መምረጫ ሳትነኳት ካለፋችሁ ዜሮ ላይ ነው ምትቀረው። እሷ የመጣችው በ2019 ከወጣው ከ3.7 ቨርዥን ጀምሮ ስለሆነ ከጓደኛ በፍላሽ የተቀበላችሁት የድሮ ሩፉስ ከሆነ ጭራሽ ላታገኟት ትችላላችሁ። ሶስተኛው፣ ሩፉስ ስታርት ካላችሁት በኋላ በአይኤስኦ ሞድ ነው ወይስ በዲዲ ሞድ ብሎ ሲጠይቅ ዲዲ ሚለውን ከነካችሁ ያው ከኤቸሩ ጋር አንድ ነው፣ መጠን መምረጣችሁ ዋጋ የለውም። አይኤስኦ ሚለውን ነው ምትመርጡት።

ቦታው ተዘጋጅቶ ቃሉ ብቻ የጎደለ ከሆነ ግን ቀላል ነው። ፍላሹ መነሳት ሲጀምር ያ ጥቁሩ ሜኑ ሲመጣ ኢ ሚለውን ፊደል ተጫኑ፣ ሊኑክስ ብሎ ሚጀምረውን መስመር ፈልጉ፣ ሶስቱ ተከታታይ ሰረዞች ከመምጣታቸው በፊት ክፍተት ሰጥታችሁ ቃሉን ጻፉና ኤፍ10 በሉት። ይሄ ግን ለዛች አንድ ቡት ብቻ ነው ሚሰራው፣ ለዘለቄታው ከሆነ ፍላሹ ላይ ቡት ፎልደር፣ ከዛ ግረብ ፎልደር ውስጥ ያለውን የግረብ ሲኤፍጂ ፋይል ከፍታችሁ እዛው ላይ መጨመር ነው። ፍላሹ እንደ ሲዲ ከተገለበጠ ይሄንን ፋይል መቀየር አይቻልም፣ እንደገና በሩፉስ ስሩት፣ ያልቃል።

ፓርቲሽኑን ራሴ በጂፓርትድ (ፓርቲሽን መስሪያ ፕሮግራም) ሰራሁት፣ ቃሉንም ጻፍኩ፣ አሁንም አያየውም።

ስሙ ነዋ! ሲስተሙ ሚፈልገው ፓርቲሽኑን በስሙ ነው፣ ማለትም በላቤሉ። ኡቡንቱ ድሮ ካስፐር ሰረዝ አርደብሊው ሚል ስም ነበር ሚፈልገው፣ ከ19.10 ወዲህ ደሞ ራይተብል ሚለው መጣ፣ ስለዚህ የ20.04ም ሆነ የ22.04 ወይ የ24.04 ከሆነ ራይተብል በሉት። ዴቢያንና ካሊ ሚፈልጉት ስም ፐርሲስተንስ ነው። ፎርማቱ ኢኤክስቲ4 ይሁን፣ ኤንቲኤፍኤስ አድርጋችሁ አትልፉ።

ዴቢያንና ካሊ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ እሷ ናት ብዙ ሰው ምታስቀረው፣ ፓርቲሽኑ ውስጥ ፐርሲስተንስ ነጥብ ኮንፍ ሚባል ፋይል መኖር አለበት፣ ውስጡ ደሞ አንዲት መስመር ብቻ፣ ስላሽ፣ ክፍተት፣ ዩኒየን። ያቺ ፋይል ከሌለች ስሙ ትክክል ቢሆን ቃሉ ትክክል ቢሆን ዝም ብሎ አልፎት ይሄዳል፣ ኤረር እንኳን አይልም። ካሊ ላይ ደሞ ሜኑው ላይ ላይቭ ዩኤስቢ ፐርሲስተንስ ሚል ምርጫ ራሱ አለ፣ ሰው ግን እንደልማዱ የመጀመሪያውን ላይቭ ሚለውን ኢንተር ብሎ ይገባና አልሰራም ይላል።

የያዛችሁትን ስም ለማየት ኤልኤስቢኤልኬ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ ኤፍ። ለመቀየር ኢ2ላቤል። እና ሁለት ላይቭ ፍላሽ በአንድ ጊዜ ሰክታችሁ ቡት አታድርጉ፣ ሁለቱም ላይ ራይተብል ሚል ፓርቲሽን ካለ የጓደኛችሁን ሊያነሳ ይችላል፣ ከዛ የኔ ዴስክቶፕ ላይ የማን ፎቶ ነው ይባላል። በሳቅ ያለፈ ጉዳይ ነው እንጂ ሱቄ ውስጥ ተፈጽሟል።

ከ4 ጊጋ በላይ ልስጠው ስል ለምን እምቢ ይላል?

ፐርሲስተንሱ በፋይል መልክ ሆኖ ፍላሹ ፋት32 ስለሆነ ነው። ፋት32 ላይ አንድ ፋይል 4 ጊጋ አይሞላም፣ የፎርማቱ ተፈጥሮ ነው፣ ፍላሹ 128 ጊጋ ቢሆንም ያው ነው። በፋይል መልክ ሳይሆን ራሱን በቻለ ፓርቲሽን ስሩት፣ ሩፉስም እንደዛ ነው ሚሰራው።

ቬንቶይ ላይስ? አይኤስኦውን ኮፒ አድርጌ ይነሳል፣ ግን ሴቭ አያደርግም።

ቬንቶይ ቆንጆ ነገር ነው፣ እኔም ሱቅ ውስጥ ምጠቀመው እሱን ነው፣ አንድ ፍላሽ ላይ አምስት ስድስት አይኤስኦ አስቀምጦ መምረጥ ማለት ለኛ ስራ ግልግል ነው። ፐርሲስተንስ ግን በራሱ አይመጣም፣ ሶስት ነገር ይፈልጋል። ፋይሎቻችሁ ሚቀመጡበት በዳት ሚያልቅ ፋይል፣ ቬንቶይ ሚል ፎልደር ውስጥ ቬንቶይ ነጥብ ጄሰን ሚባል ፋይል፣ እና እሱ ውስጥ የትኛው አይኤስኦ ከየትኛው ዳት ጋር እንደሚሄድ ሚናገር ጽሁፍ። ጄሰኑን በእጅ መጻፍ ምታስጠላ ነገር ናት፣ አንድ ኮማ ከጎደለች ጠቅላላው አይሰራም፣ ስለዚህ ከቬንቶይ ጋር አብሮ ሚመጣውን ቬንቶይ ፕለግሰን ተጠቀሙ፣ ብራውዘር ላይ ተከፍቶ በክሊክ ያስጨርሳችኋል። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ካርድ አይበላም።

ከቬንቶይ ጋር ሚመጣው ዳት ፋይሉን ሚሰራ ስክሪፕት ምንም ካልነገራችሁት 1 ጊጋ ብቻ ነው ሚሰራው፣ ስሙንም ካስፐር አርደብሊው ብሎ ነው፣ ለዴቢያንና ለካሊ ስትሰሩ ስሙን መቀየርና ኮንፍ ፋይሉን መጨመር እንዳለባችሁ አትርሱ። ሌላው፣ የአይኤስኦውን ስም ሪኔም ካደረጋችሁ ወይ አዲስ ቨርዥን አውርዳችሁ ከቀየራችሁ ጄሰኑ ላይ ያለው ስም አይገጥምም፣ ያኔ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ያለ ፐርሲስተንስ ይነሳል። በትክክል ከገጠመ አይኤስኦውን ስትመርጡ ያለ ፐርሲስተንስ ልነሳ ወይስ ከዚህ ፋይል ጋር ብሎ ይጠይቃችኋል፣ ካልጠየቀ አልገጠመም ማለት ነው፣ ምልክቷ እሷ ናት።

ዲስኩ ሞልቷል ይለኛል። ሊብሬኦፊስን አጠፋሁ፣ ጌሞቹን አጠፋሁ፣ ግን አንዲት ሜጋ አልጨመረም!

እዚህ ጋ ነው ላስቲኩ ሚመጣው። መጽሐፉ ላይ የታተመውን ቃል በላስቲኩ ላይ በማርከር ብትሰርዙት፣ ቃሉ ከስር አለ አይደል? ሊብሬኦፊስም እንደዛ ነው። ከኢሜጁ ጋር የመጣ ፕሮግራም ስታጠፉ ሲስተሙ ሚያደርገው ላስቲኩ ላይ ይሄ ጠፍቷል ብሎ ምልክት ማድረግ ነው፣ ከስር ያለው የታመቀው ፋይል አይነካም፣ ስለዚህ ቦታ አይለቅም። ቦታ ሚለቀው እናንተ ራሳችሁ በኋላ የጨመራችሁትን ስታጠፉ ብቻ ነው። ፌዶራ ላይ ደሞ በድሮው የኦቨርሌይ አሰራር የተሰራ ከሆነ የራሳችሁን ብታጠፉም ቦታው አይመለስም፣ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ያልቃል፣ እሱን ለዚህ ስራ አልመክርም።

ታዲያ ምን ሞላው ካላችሁ መልሱ አፕግሬድ ነው፣ አፕት አፕግሬድ ብሎ ሁሉንም ማደስ። ላይቭ ፍላሽ ላይ ሙሉ አፕግሬድ ማድረግ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው፣ አሮጌው ከስር አለ፣ አዲሱ ደሞ ላስቲኩ ላይ እንደገና ይጻፋል። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ደሞ የባሰ ነው፣ አዲሱ ከርነል ይወርዳል፣ ቦታ ይይዛል፣ ፓኬጃችሁን ይበላል፣ ግን ቡት ሚደረገው ፍላሹ ላይ ካስፐር ፎልደር ውስጥ ባለው በአሮጌው ከርነል ስለሆነ አዲሱን አትጠቀሙበትም። አንድ ልጅ፣ የቱሉ ዲምቱ ልጅ ነው፣ ሌሊት ሌሊት በሚረክሰው ፓኬጅ ቁጭ ብሎ ከ1 ጊጋ በላይ አፕግሬድ አወረደና ጠዋት ፍላሹ ሞልቶ ዴስክቶፑ ራሱ አልገባም ብሎት መጣ። ምትፈልገው ምን ነበር ስለው ለፓይተን ክፍል አንዲት ላይብረሪ። አፕት አፕዴት ብቻ በሉና ምትፈልጉትን አንድ ነገር ነጥላችሁ ኢንስቶል አድርጉ፣ አፕግሬዱን ተዉት። ደህንነት ካሳሰባችሁ፣ ማሳሰቡም ተገቢ ነው፣ ብራውዘሩን ብቻ ነጥላችሁ አድሱ፣ ሲስተሙን ደሞ አዲስ አይኤስኦ ሲወጣ ፍላሹን እንደገና በመስራት ነው ምታድሱት።

አሁን የሞላውን ለማቅለል፣ ሱዶ አፕት ክሊን በሉት፣ ያወረዳቸውን የኢንስቶሌሽን ፋይሎች ያጠፋል፣ አንዳንዴ እሷ ብቻ ትበቃለች። የብራውዘሩን ካሽ አጥፉ። ኡቡንቱ ላይ ፋየርፎክስ በስናፕ ስለሚመጣ ሳትጠይቁት በራሱ እየታደሰ፣ በየጊዜው ከ200 ሜጋ በላይ እያወረደ፣ አሮጌውንም አብሮ እያስቀመጠ ይሄዳል፣ እሱን ለማስቆም ስናፕ ሪፍሬሽ ብላችሁ ክፍተት ሰጥታችሁ ሁለት ሰረዝ ሆልድ ጨምሩበት። ሞልቶ ዴስክቶፑ ካልገባ ደሞ አትደንግጡ፣ ሜኑው ላይ ኢ ብላችሁ ፐርሲስተንት ሚለውን ቃል አጥፍታችሁ ያለ ፐርሲስተንስ ግቡና፣ ፓርቲሽኑን በፋይል ማናጀር ከፍታችሁ አፐር ሚባል ፎልደር ውስጥ ሆም ጋ ፋይሎቻችሁ ቁጭ ብለው ታገኟቸዋላችሁ፣ ኮፒ አድርጋችሁ አውጡ።

መብራት ድንገት ሄዶ ከዛ በኋላ አይነሳም፣ ወይም ይነሳል ግን ሴቭ አያደርግም።

እኛ ሰፈር ይሄ ጥያቄ አንደኛ መሆን ነበረበት እኮ። ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ፣ ወይ ባትሪው የሞተ፣ ወይ ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ፣ መብራት እልም ሲል ሊኑክሱ ገና ፍላሹ ላይ ያልጻፈው ራም ላይ የነበረ ነገር አለ። ፍላሽ ደሞ ከሃርድ ዲስክ በላይ ቀርፋፋ ስለሆነ ያልተጻፈው ብዙ ነው። ኮፒ አልቋል ብሎ መስኮቱ ቢዘጋም አላለቀም ሊሆን ይችላል። ለዛ ነው ከባድ ስራ ስትሰሩ በየመሃሉ ተርሚናል ላይ ሲንክ ብላችሁ ኢንተር ማለት ያለባችሁ፣ ኮማንዱ እስኪመለስ ጠብቁ፣ ከተመለሰ ተጽፏል። ያለ ባትሪ ምትሰሩ ልጆች ይሄንን እንደ ሶላት ሰዓት ወይ እንደ ቅዳሴ ደወል ያዙት፣ የቱንም ብትሉት።

አንዴ ከሆነ በኋላ ያለው መላ ይሄ ነው። ያለ ፐርሲስተንስ ግቡ (ከላይ እንዳልኩት ቃሉን አጥፍታችሁ) ወይም በሌላ ሊኑክስ ተነሱ። ኤልኤስቢኤልኬ ሰረዝ ኤፍ ብላችሁ ራይተብል ሚለው ፓርቲሽን የትኛው እንደሆነ እዩ፣ ኤስዲቢ3 ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፣ በግምት አትሂዱ። ተከፍቶ ከሆነ አንማውንት አድርጉት። ከዛ ሱዶ፣ ኢ2ኤፍኤስሲኬ፣ ሰረዝ ኤፍ፣ ከዛ የፓርቲሽኑ መንገድ። ይጠይቃችኋል፣ ላስተካክል ወይ እያለ፣ ዋይ ሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል (አዎ ማለት ነው) እየተጫናችሁ እለፉ። በፋይል መልክ የሆነ ፐርሲስተንስም፣ የቬንቶይ ዳትም በዚሁ ኮማንድ ይታያል፣ በፓርቲሽኑ ቦታ የፋይሉን መንገድ መስጠት ብቻ ነው።

እየሰራችሁበት ባለው ፐርሲስተንስ ላይ ይሄን ኮማንድ አታስኬዱ። በጭራሽ። ከመብራቱ የባሰ ጉዳት ታደርሳላችሁ። ስለሚያስጠነቅቅ ማስጠንቀቂያውን አንብቡ፣ ዝም ብላችሁ ዋይ አትበሉ።

ከተስተካከለ በኋላ ሎስት ፕላስ ፋውንድ ሚል ፎልደር ውስጥ ስማቸው ቁጥር የሆነ ፋይሎች ካገኛችሁ ከሰነዶቻችሁ ቁርጥራጭ ሊሆኑ ስለሚችሉ ከፍታችሁ ሳታዩ አታጥፏቸው። አንዲት ልጅ የመመረቂያ ወረቀቷን ምዕራፍ ሁለት እዛ ውስጥ ነው ያገኘችው፣ ሱቁ ውስጥ እልል ነው ያለችው፣ ጎረቤት ያለው ፀጉር ቤት ሰርግ ነው እንዴ ብሎ መጣ።

በጣም ያዘግማል፣ ሚንቀሳቀሰው እንደ ኤሊ ነው።

ፍላሹ ነው። ርካሽ ፍላሽ ትልቅ ፊልም ሲገለበጥበት ጥሩ ይመስላል፣ ሲስተም ግን ትልቅ ፋይል ሳይሆን በሺ ሚቆጠሩ ትናንሽ ነገሮችን እየጻፈ ነው ሚሰራው፣ እዛ ላይ ነው ሚወድቀው። ዩኤስቢ 3 የሆነ ፍላሽ ካላችሁ ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ ሰኩት፣ ጥቁሩ ላይ ከሰካችሁት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዩኤስቢ 2 ይወርዳል። በቂ ገንዘብ ካለ ትንሽዬ ኤስኤስዲ ከነኬዙ ገዝታችሁ እሱ ላይ መስራት ሌላ ዓለም ነው።

64 ጊጋ ብዬ ገዛሁት፣ የተወሰነ ከጻፍኩበት በኋላ ፋይሎቼ ይበላሻሉ። ለምን?

ውሸት ፍላሽ ነው። አለ፣ በጣም አለ። ውስጡ 8 ጊጋ ሆኖ ኮንትሮለሩ 64 ነኝ ብሎ እንዲዋሽ የተደረገ። መጀመሪያ ላይ ሁሉ ነገር ይሰራል፣ እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ግን ወይ ከላይ ይደርባል ወይ ዝም ብሎ ይጥለዋል፣ እናንተም ፐርሲስተንስ ነው የተበላሸው ብላችሁ ሶስት ቀን ትለፋላችሁ። እኔ ራሴ መርካቶ ከአንድ ሱቅ አምስት በአንዴ ገዝቼ፣ ሁለቱ እንደዛ ነበሩ፣ ደንበኛ ጋ ከደረሱ በኋላ ነው ያወቅኩት፣ ከኪሴ ነው የተካሁት። ከዛ ወዲህ ፍላሽ ስገዛ መጀመሪያ ምሰራው መፈተን ነው። ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 ሚባል ፕሮግራም አለ፣ ኤፍ3ራይት ብላችሁ ሙሉውን በፋይል ትሞሉታላችሁ፣ ኤፍ3ሪድ ብላችሁ ታነቡታላችሁ፣ ስንት ጊጋው እውነት እንደሆነ ይነግራችኋል። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብሊው ያንኑ ይሰራል። ጊዜ ይወስዳል፣ ትልቅ ፍላሽ ከሆነ ማታ ለቃችሁት ተኙ።

አማርኛ ኪቦርዱና ሰዓቱ በየጊዜው ይጠፋብኛል።

ኪቦርዱ ከጠፋ ፐርሲስተንሱ አልሰራም ማለት ነው፣ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ተመለሱ። ከሰራ አንዴ አይባስ ኤም17ኤን ሚባለውን ጭናችሁ አማርኛ ከጨመራችሁ ይቆያል።

ሰዓቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ዊንዶውስ የማሽኑን ሰዓት የአዲስ አበባ ሰዓት አድርጎ ነው ሚያስቀምጠው፣ ሊኑክስ ደሞ ያንኑ ሰዓት የዩቲሲ (የዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው ብሎ ነው ሚያነበው፣ በመሃል 3 ሰዓት ይለያያሉ፣ ስለዚህ ፍላሹን ተጠቅማችሁ ስትመለሱ የወንድማችሁ ዊንዶውስ ላይ ሰዓቱ ይዛባል፣ ምን ነካካህ ይባላል። ታይምዴትሲቲኤል፣ ክፍተት፣ ሴት ሰረዝ ሎካል ሰረዝ አርቲሲ፣ ክፍተት፣ 1 ብትሉት ሊኑክሱም እንደ ዊንዶውስ ያነባል። ልዩነቱ 6 ሰዓት ከሆነ ግን ምንም አልተበላሸም፣ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው እያያችሁ ያላችሁት።

ፍላሼ ታክሲ ውስጥ ቢወድቅስ? ፋይሌን ያየዋል?

ያየዋል። ሰው ላይቩ ፓስወርድ ሲጠይቅ ስላየ የተቆለፈ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ፍላሹን ሌላ ሊኑክስ ላይ ሰክቶ ፓርቲሽኑን መክፈት በቂ ነው። የኡቡንቱ ላይቭ ተጠቃሚ ደሞ ፓስወርድ ራሱ የለውም፣ የካሊው ካሊ በካሊ ነው፣ ዓለም ያውቀዋል። ሚስጥራዊ ነገር ምትይዙ ከሆነ ካሊ ላይ ኢንክሪፕትድ ፐርሲስተንስ አለ፣ ቴይልስ ሚባለው ለሚስጥር ስራ የተሰራ ሊኑክስ ደሞ ፐርሲስተንት ስቶሬጁን ከመጀመሪያው ቆልፎ ነው ሚሰራው፣ ቢያንስ 8 ጊጋ ፍላሽ ይፈልጋል። የቴይልሱን ፓስፍሬዝ ከረሳችሁ ግን እኔም ማንም አይከፍትላችሁም፣ ሱቅ ይዛችሁት አትምጡ።

ከዚህ ሁሉ ለምን ሙሉ ሊኑክስ ፍላሹ ላይ ኢንስቶል አላደርግም?

በየቀኑ ምትሰሩበት ከሆነ አድርጉት፣ እውነቴን ነው። አፕግሬዱ ይሰራል፣ ከርነሉ ይታደሳል፣ ስታጠፉ ቦታ ይለቃል። ሁለት ነገር ግን እወቁ፣ ፍላሹ ላይ ሚጻፈው ስለሚበዛ ርካሽ ፍላሽ ቶሎ ይሞታል፣ እና ኢንስቶል ስታደርጉ ቡትሎደሩ (ሲስተሙን ሚያስነሳው ፕሮግራም) የት እንደሚቀመጥ በደንብ እዩ፣ የኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ከተቀመጠ ፍላሹ ሲነቀል ዊንዶውሱ ላይነሳ ይችላል። የሰው ላፕቶፕ ላይ ምትሰሩ ከሆነ ሃርድ ዲስኩን ነቅላችሁ ኢንስቶል ማድረግ ነው አስተማማኙ። ያን ማድረግ ካልቻላችሁ ፐርሲስተንስ ይሻላችኋል፣ ቢበላሽም ሚበላሸው የራሳችሁ ነው።

ፋይሎቼን የት ላስቀምጥ እንግዲህ?

ሌላ ቦታ። ስልካችሁ ላይም ቢሆን፣ ሌላ ፍላሽ ላይም ቢሆን፣ ኢሜይላችሁ ላይም ቢሆን። ቬንቶይ ከሆነ ዳት ፋይሉን በሳምንት አንዴ ኮምፒውተር ላይ ኮፒ ማድረግ ይበቃል፣ ሙሉው ሲስተማችሁ ከነቅንብሩ እሱ ውስጥ ነው።

ጨርሻለሁ፣ ፍላሹን ወደ ድሮው መመለስ እፈልጋለሁ፣ ዊንዶውስ ግን ከ32ቱ ትንሿን ብቻ ነው ሚያሳየኝ።

ኢኤክስቲ4 የሆነውን ፓርቲሽን ዊንዶውስ ስለማያነበው ነው፣ ፍላሹ አልጠበበም። ሲኤምዲን እንደ አድሚን ክፈቱ፣ ዲስክፓርት በሉ፣ ሊስት ዲስክ በሉ፣ ከዛ ሴሌክት ዲስክ ብላችሁ የፍላሹን ቁጥር ስጡት፣ ከዛ ክሊን። ቀጥሎ ክሪኤት ፓርቲሽን ፕራይመሪ ብላችሁ እንደተለመደው ፎርማት አድርጉት። ክሊን ከማለታችሁ በፊት ግን የዲስኩን መጠን ሁለቴ እዩት፣ አዎ ወይ አይ ብሎ አይጠይቅም፣ ዲስክ 0 ብዙ ጊዜ የኮምፒውተሩ ዋና ዲስክ ነው። ካልተማመናችሁ ሌሎቹን ፍላሾችና ኤክስተርናል ነቅላችሁ አንዱን ብቻ አስቀሩ፣ ወይ ሱቅ ብቅ በሉ፣ ለዚህች አላስከፍልም።